የብዙ እህል ቁርስ፦ ካርቶኑን አንብቦ መግዛት፣ በቤት መመጠን

የቁርስ ሲሪያል የተደረደረበት የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ፊት ሲቆሙ የሚያዩት ሁሉ ይመሳሰላል። የስንዴ ዛላ ሥዕል አለ፣ ወተት የፈሰሰበት ሳህን አለ፣ በደማቅ ቀለም “መልቲግሬይን”፣ “አምስት እህል” ወይም “ሰባት እህል” የሚል ጽሑፍ አለ። ዋጋውን ከአንድ ኪሎ አጃ ጋር ሲያስተያዩት ደግሞ ልዩነቱ ያስደነግጣል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ምግብ ያንን ዋጋ ያወጣል ወይ? መልሱ እዚያው ካርቶኑ ላይ ታትሟል፤ የታተመው ግን በጀርባውና በጎኑ ነው።

ይህ መመሪያ ካርቶኑን እንዴት እንደሚያነቡት ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ ከዚያም ተመሳሳይ ወይም የተሻለ ቁርስ በቤትዎ እንዴት እንደሚመጥኑ ይነግርዎታል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይያዙ። ቁርስን ገንቢ የሚያደርገው የእህሉ ዓይነት መብዛት አይደለም። እህሉ ሳይፈተግ መግባቱና አብሮት የተጨመረው ነገር ነው ልዩነቱን የሚያመጣው።

1. የፊቱን ገጽ ይለፉት

“መልቲግሬይን” ማለት ከአንድ በላይ የእህል ዓይነት አለው ማለት ብቻ ነው። አምስቱም እህሎች ተፈትገው፣ ነጭ ዱቄት ሆነው የገቡ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንዴም ዋናው በቆሎ ወይም ሩዝ ሆኖ የቀሩት አራቱ ለስም ያህል በቁንጥር ይጨመራሉ።

አንድ ሙሉ የእህል ፍሬ ሦስት ክፍል አለው። የውጭው ልባስ ሲበጠር ፍሩሽካ የምንለው ነው፤ አሰሩ (ፋይበሩ)፣ የቢ ቫይታሚኖችና አብዛኛው ማዕድን ያለው እዚያ ነው። ሽሉ፣ ማለትም የሚበቅለው ክፍል፣ ጥሩ ቅባትና ቫይታሚን ኢ ይዟል። መሃሉ በአብዛኛው ስታርችና ጥቂት ፕሮቲን ነው። እህሉ ሲፈተግ ሁለቱ ይወጡና መሃሉ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ፊት ለፊት አንድ የሚጠቅም ቃል ካለ “ሆል” የሚለው፣ ማለትም ያልተፈተገ የሚለው ነው። እሱንም ቢሆን በጀርባው ዝርዝር ሳያረጋግጡ አይመኑ።

2. የግብዓቶቹን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ያንብቡ

ግብዓቶች የሚጻፉት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ የገባው መጀመሪያ ይጻፋል፣ ጥቂት የገባው መጨረሻ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የካርቶኑን አብዛኛውን ይዘት ይነግሩዎታል።

ሊፈልጉ የሚገባዎት ነገር ይህ ነው፦

— የመጀመሪያው ስም “ሆል” የሚል ቅጽል አለው? “ሆል ኦትስ” ያልተፈተገ አጃ ነው። “ዊት ፍላወር” ብቻ ካለ ብዙውን ጊዜ ነጭ የስንዴ ዱቄት ነው።

— ስኳር ስንተኛ ላይ ተጻፈ? ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ከሆነ ካርቶኑ ከቁርስነት ይልቅ ወደ ብስኩትነት ያደላል።

— ስኳር በስንት ስም ገብቷል? ሹገር፣ ግሉኮስ ሽሮፕ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮዝ፣ ሞላሰስ፣ የብቅል ሽሮፕ፣ ማር፣ የቴምር ሽሮፕ ሁሉም ስኳር ናቸው። በሦስትና በአራት ስም ሲከፋፈል እያንዳንዱ ከዝርዝሩ ዝቅ ብሎ ይጻፋል፤ ድምሩ ግን ከዋናው እህል ጋር ሊፎካከር ይችላል።

በአውሮፓ ገበያ በተዘጋጀ ካርቶን ላይ ተጨማሪ መረጃ ያገኛሉ። በሥዕል ወይም በስም ጎልቶ የተዋወቀ ግብዓት ስንት በመቶ እንደሆነ በቅንፍ መጻፍ ግዴታ ነው። “አምስት እህል” ተብሎ አጃው 30 በመቶ፣ ገብሱ 2 በመቶ፣ ከቀሪው አብዛኛው የሩዝ ዱቄት ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ።

የጾም ቀን የሚገዙ ከሆነ በዚሁ ዝርዝር “ሚልክ ፓውደር”፣ “ዌይ” ወይም “በተር” መኖሩን ይመልከቱ፤ እህል ብቻ በሚመስል ሲሪያል ውስጥ የወተት ዱቄት መግባቱ የተለመደ ነው። በላያቸው ማርሽማሎ ያለባቸው ሲሪያሎች ብዙ ጊዜ ጄላቲን አለባቸው። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ስለሚሠራ ጿሚውንም ሐላል የሚጠብቀውንም ይመለከተዋል።

3. ቁጥሩ የስንት ግራም እንደሆነ ይለዩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ካርቶኖች ከሁለት አገር ሊመጡ ይችላሉ፤ ሠንጠረዣቸውም በሁለት ሕግ የተዘጋጀ ነው።

የአውሮፓው በ100 ግራም ይጽፋል፤ ሁለት ካርቶን ለማወዳደር ቀላሉ ይህ ነው። የአሜሪካው የሚጽፈው በአንድ ምግብ ልክ ሲሆን ልኩ ደግሞ እንደ ሲሪያሉ ክብደት ይለያያል። የመመሪያው መነሻ ለተነፋና በጣም ለቀለለ ሲሪያል 15 ግራም፣ መካከለኛ ክብደት ላለው 40 ግራም፣ እንደ ግራኖላ ለከበደው 60 ግራም ነው። ስለዚህ የቀላሉ ካርቶን 60 ካሎሪ፣ የከባዱ 240 ካሎሪ ቢል የመጀመሪያው “ቀጭን” ምግብ ነው ማለት አይደለም፤ የተለካው ክብደት ሌላ ሆኖ ነው። የአሜሪካውን ወደ 100 ግራም ለመመለስ ቁጥሩን በ100 አባዝተው በልኩ ግራም ያካፍሉ። በ40 ግራም 8 ግራም ስኳር ያለው፣ በ100 ግራም 20 ግራም አለው።

ሌላም ልብ የሚሉት ነገር አለ። አሜሪካኖቹ “ቶታል ካርቦሃይድሬት” ሲሉ አሰሩንም ጨምረው ነው። አውሮፓውያኑ ግን “ካርቦሃይድሬት” ከሚሉት ውስጥ አሰሩን አውጥተው ለብቻው ይጽፉታል። ከሁለቱ አገሮች የመጡ ካርቶኖችን ሲያወዳድሩ በአውሮፓው ላይ አሰሩን መልሰው ይደምሩ።

ሠንጠረዡን ካነበቡ በኋላ የራስዎን ሳህን ይመዝኑ። የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ዘወትር እንደሚያደርጉት ሲሪያሉን ሳህኑ ላይ ይገልብጡና ይዩት። ካርቶኑ “አንድ ምግብ 30 ግራም” ሲል አብዛኛው አዋቂ የሚገለብጠው ከዚያ ይበልጣል፤ እጥፍ ማድረስም ቀላል ነው።

4. ሁለት ካርቶን አስልተው ያወዳድሩ

ስሌቱን ለማሳየት ሁለት ምናባዊ ካርቶኖችን እንውሰድ። ቁጥሮቹ በ100 ግራም ናቸው፤ የተጻፉትም በአውሮፓው አጻጻፍ ነው።

ካርቶን “ሀ” በማር የተለበጠ የአምስት እህል ፍሌክስ ነው፦ 385 ካሎሪ፣ ካርቦሃይድሬት 79 ግራም (ከዚህ ውስጥ ስኳር 24)፣ አሰር 5፣ ፕሮቲን 8፣ ቅባት 3፣ ጨው 0.9 ግራም።

ካርቶን “ለ” ስኳር ያልገባበት የተዳመጠ አጃ፣ ገብስና ስንዴ ነው፦ 361 ካሎሪ፣ ካርቦሃይድሬት 62 ግራም (ስኳር 1.5)፣ አሰር 10፣ ፕሮቲን 12፣ ቅባት 5፣ ጨው 0.02 ግራም።

ካሎሪውን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ ያልፋል። በካሎሪ መራራቃቸው ጥቂት የሆነው ደረቅ እህል ሁሉ በ100 ግራም ከ330 እስከ 400 ካሎሪ አካባቢ ስለሚሰጥ ነው። ልዩነቱ ካሎሪው ከምን እንደመጣ ነው። አንድ ግራም ካርቦሃይድሬትና አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣሉ። በ“ሀ” ውስጥ 96 ካሎሪው፣ ማለትም ከጠቅላላው ሩቡ፣ ከስኳር ብቻ የመጣ ነው። በ“ለ” ውስጥ ከስኳር የመጣው 6 ካሎሪ ብቻ ነው።

አሁን 60 ግራም የሚገለብጥ ሰው እናስብ። ከ“ሀ” 14.4 ግራም ስኳር ይበላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ስለሆነ ሦስት ተኩል ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ከምግብ ጋር የሚጨመር ስኳርና የማር፣ የሽሮፕና የጭማቂ ስኳር ተደምሮ ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው። የ“ሀ” ተመጋቢ ከቤት ሳይወጣ፣ ሻዩንም ሳይጠጣ፣ ከግማሽ በላዩን ጨርሷል።

5. አሰር፣ ስኳርና ጨው ላይ መስመር ያስምሩ

ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሁሉንም ማስላት አይቻልም። እነዚህን መስመሮች በቃልዎ ይያዙ፦

አሰር፦ በ100 ግራም 6 ግራምና ከዚያ በላይ ይሁን። የአውሮፓ ሕግ አንድ ምግብ “በአሰር የበለጸገ” እንዲባል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ 3 ግራም ሲሆን “የአሰር ምንጭ” ብቻ ይባላል።

የካርቦሃይድሬትና የአሰር ንጽጽር፦ ጠቅላላውን ካርቦሃይድሬት (አሰሩን ጨምሮ) ለአሰሩ ያካፍሉ። ውጤቱ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እህሉ በአመዛኙ ያልተፈተገ ነው ማለት ይቻላል። “ሀ” 84 ለ5 ሲካፈል 17 ገደማ ይመጣል፤ ወደቀ። “ለ” 72 ለ10 ሲካፈል 7.2 ነው፤ አለፈ።

ስኳር፦ በብሪታንያ የቀለም ምልክት በ100 ግራም 5 ግራምና ከዚያ በታች አረንጓዴ፣ ከ22.5 ግራም በላይ ቀይ ነው። ዘቢብ ወይም ቴምር ያለበት ሲሪያል ከፍሬው በሚመጣ ስኳር ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ የአሜሪካው ካርቶን “አዲድ ሹገርስ” ብሎ የተጨመረውን ለብቻ ስለሚለይ በዚህ ይረዳል።

ጨው፦ በዚያው ምልክት 0.3 ግራምና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ ከ1.5 ግራም በላይ ከፍተኛ ነው። ካርቶኑ ሶዲየም ብቻ ከጻፈ በ2.5 ያባዙት፤ ጨው ይሆንልዎታል። 400 ሚሊ ግራም ሶዲየም 1 ግራም ጨው ነው። የጨው ጣዕም ካልተሰማዎት ጨው የለም ማለት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ፤ በጣፋጭ ፍሌክስ ውስጥ ስኳሩ ይሸፍነዋል።

እስራኤል ያሉ አንባቢዎች ሥራው ቀሎላቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ስኳር፣ ሶዲየም ወይም ሳቹሬትድ ቅባት የበዛበት ምግብ ፊት ለፊቱ ላይ ክብ ቀይ ምልክት ይለጠፍበታል። ከ2021 ወዲህ ወሰኑ ጠብቆ ለደረቅ ምግብ በ100 ግራም 10 ግራም ስኳር፣ 400 ሚሊ ግራም ሶዲየምና 4 ግራም ሳቹሬትድ ቅባት ሆኗል። አሜሪካ ያሉ ደግሞ በቀኝ በኩል ያለውን የመቶኛ ዓምድ ይዩ፤ 5 በመቶና ከዚያ በታች ጥቂት፣ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ብዙ ማለት ነው። አሰርና ብረት ብዙ፣ የተጨመረ ስኳርና ሶዲየም ጥቂት ሲሆኑ ካርቶኑ ያለፈ ነው።

6. የቫይታሚኑን ረድፍ በልኩ ይመኑት

ከታች የሚደረደሩት ቫይታሚኖችና ማዕድናት ዓይን ይስባሉ። አብዛኞቹ ከእህሉ የመጡ ሳይሆኑ ፋብሪካው የጨመራቸው ናቸው፤ ይህም ነውር የለውም። ፎሊክ አሲድና ብረት በእህል ምግብ ላይ መጨመራቸው በተለይ ለሴቶች ጠቃሚ ነው። ችግሩ በቫይታሚን የበለጸገው ሲሪያል በስኳርም የበለጸገ ሊሆን መቻሉ ነው። የዚህ ረድፍ ቁጥር የ5ኛውን ደረጃ ፈተና አይሽርም።

የብረቱ መቶኛም እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ የዕለቱን ልክ 18 ሚሊ ግራም፣ አውሮፓ 14 ሚሊ ግራም ብለው ስለሚነሱ ያው ብረት በአንዱ 39 በመቶ፣ በሌላው 50 በመቶ ሆኖ ይታያል።

የተጨመረውን ብረት በዓይን ማየትም ይቻላል። ዝርዝሩ ላይ “ሪዲውስድ አይረን” የሚል ካለ አንድ ስኒ ሲሪያል በፌስታል ውስጥ አድቅቀው ሞቅ ያለ ውኃ ይጨምሩበት። ጠንካራ ማግኔት ከፌስታሉ ውጭ አስጠግተው ቀስ እያሉ ያሽከርክሩት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማግኔቱ ባለበት ላይ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ስስ ብናኝ ይሰበሰባል። ያ ብናኝ ብረት ነው። ልጆች ያሉበት ቤት ይህንን አንድ ጊዜ ቢያደርግ ስለ ምግብ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም።

ብረቱ መኖሩ ግን ሰውነት ወሰደው ማለት አይደለም። በእህል ልባስ ያለው ፋይቲክ አሲድ ብረትና ዚንክ ይይዛል። ሻይና ቡና ከቁርስ ጋር ሲጠጡ ደግሞ የብረቱን መመጠጥ የበለጠ ይቀንሱታል። ስለዚህ ሻዩን ከቁርስ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ በምትኩ ብርቱካን፣ ዘይቱን ወይም ፓፓያ ይብሉበት። ቫይታሚን ሲ የእህልን ብረት መመጠጥ ያግዛል።

7. ወተቱን ይቁጠሩ፣ አቀራረቡንም ያስቡ

በብዙ ካርቶን ላይ ሁለት ዓምድ አለ፦ ሲሪያሉ ብቻውንና ከወተት ጋር። ሁለተኛው ዓምድ ፕሮቲኑንና ካልሲየሙን ከፍ ያደርገዋል፤ ያ ግን የወተቱ እንጂ የሲሪያሉ አይደለም። 200 ሚሊ ሊትር ያልተገፋ ወተት 6 ግራም ተኩል ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ወተቱን ከማንኛውም እህል ጋር ቢጠጡት ያው ነው። በጾም በሶያ ወተት የሚተኩ ከሆነ ስኳር ያልገባበትንና ካልሲየም የተጨመረበትን ይምረጡ።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ከስኳሩ ረድፍ በላይ ጠቅላላውን ካርቦሃይድሬትና የሚበላውን ግራም መከታተል አለበት፤ ስታርችም ሲፈጭ ግሉኮስ ይሆናልና። የእህሉ መድቀቅም ይቆጠራል። የተነፋ ሲሪያልና ልም ዱቄት ደም ውስጥ ያለውን ስኳር በፍጥነት ከፍ ያደርጋሉ፤ እንደ ቂንጬ ተከክቶ የተቀቀለው ያው እህል ቀስ ብሎ ይፈጫል። ለዚህ ሰው የአጃ ወይም የገብስ ቂንጬ ከማንኛውም ፍሌክስ ይመረጣል። አጃና ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል በውኃ የሚሟሟ አሰር አላቸው። መጥፎውን ኮሌስትሮል ዝቅ በማድረግ ስለሚያግዝ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 አጃ ላይ ይህ እንዲጻፍ ፈቅዷል።

ግሉተን የማይስማማው ሰው በ“መልቲግሬይን” ካርቶን ከሁሉ በላይ ይጠንቀቅ። ስንዴና ገብስ ግሉተን አለባቸው፤ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ የለባቸውም። አጃ ደግሞ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚቀላቀል “ከግሉተን ነፃ” ተብሎ ካልተጻፈበት አይሆንም።

8. የራስዎን ምጥን ያዘጋጁ

እስከ አሁን ያነበቡት ለቤት ምጥንም ይሠራል። እናቶቻችን ለአራስና ለሕፃን እህልና ጥራጥሬ ቀላቅለው ሲያስፈጩ የሚያደርጉት በሥነ ምግብ ትምህርትም ትክክል ነው። እህሎች ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ሽምብራና ሌሎች ጥራጥሬዎች ላይሲን ሞልቷቸዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ፕሮቲኑ ይሟላል። አምስት ዓይነት እህል ከመደርደር አንድ ጥራጥሬ መጨመር የበለጠ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ለአንድ ኪሎ የሚሆን ልክ ይኸውና፦

— ገለባው የወጣለት አጃ 350 ግራም
— ገብስ 200 ግራም
— ጤፍ 200 ግራም
— ሽምብራ 200 ግራም
— ተልባ 50 ግራም

እህሎቹን በየብቻቸው ይልቀሙ፤ የሻገተ፣ የተነቀዘና የጠቆረ ፍሬ ያስወግዱ። ሽምብራውን በዱቄት ሳይሆን በፍሬው ይግዙ፤ ርካሽ ዱቄት ውስጥ ጓያ ሊቀላቀል ይችላል፣ ጓያም ለወራት ተዘውትሮ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል። ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውኃውን ደፍተው ያድርቁት፤ መዘፍዘፉ ፋይቲክ አሲዱን ይቀንሳል። ከዚያ ሽምብራውን፣ አጃውንና ገብሱን በለዘብተኛ እሳት፣ በየተራ፣ መዓዛቸው እስኪወጣ ብቻ ያምሱ። ማሳረር ጣዕሙን ብቻ ሳይሆን ላይሲኑንም ይጎዳል።

ከተልባው በስተቀር ሁሉን ቀላቅለው ያስፈጩ። ወፍጮ ቤት ከእርስዎ በፊት በርበሬ እንዳልተፈጨ መጠየቅ አይርሱ። ተልባውን ቆላ አድርገው ለብቻ ይውቀጡና በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ቅባቱ ብዙ ስለሆነ ዱቄቱ ውስጥ ከገባ ምጥኑን ቶሎ ያበላሸዋል፣ ሽታውንም ይለውጠዋል። ለሦስትና ለአራት ሳምንት ከሚበቃው በላይ አያስፈጩ።

ሲሠሩ ለአንድ ሰው 40 ግራም፣ ማለትም አራት ልክክ ያለ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጥብጡ፤ በፈላ ውኃ ላይ ከጨመሩት ይጓጉላል። ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ውኃ ወይም የወተትና የውኃ ድብልቅ አፍልተው ብጥብጡን ይጨምሩ፣ እያማሰሉ 15 ደቂቃ ያብስሉት። ከእሳት ሲወርድ ተልባውን ነስነስ ያድርጉበት።

የዚህ ምጥን ይዘት ከተለመዱ የምግብ ይዘት ሠንጠረዦች ሲሰላ ተልባውን ጨምሮ በ100 ግራም ወደ 380 ካሎሪ፣ 16 ግራም ፕሮቲን፣ ከ10 እስከ 12 ግራም አሰር፣ 5 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ይሆናል። በ40 ግራሙ ሳህን 150 ካሎሪ፣ ከ6 ግራም በላይ ፕሮቲን፣ ከ4 እስከ 5 ግራም አሰርና 2 ሚሊ ግራም ብረት ያገኛሉ፤ የተጨመረ ስኳር ዜሮ ነው። ይህ በራስዎ እጅ ስኳር እስኪጨምሩ ድረስ ነው። ሦስት የሻይ ማንኪያ ከጨመሩበት 12 ግራም ሆኖ ካርቶን “ሀ”ን ተጠጋ ማለት ነው። በምትኩ ሙዝ ይክተፉበት ወይም አንድ ሁለት ቴምር አብረው ያብስሉ።

ልኩን እንደ ፍላጎትዎ ይለውጡ። ካልሲየም የሚፈልግ ሰው ከጤፉ ከፊሉን በዳጉሳ ይተካ፤ ዳጉሳ በ100 ግራም ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ያለው፣ ከእህሎች ሁሉ የሚቀድም ነው። በጤፍ ብረት ላይ ግን ብቻውን አይተማመኑ። በአውድማ ላይ በከብት በሚበራይ ጤፍ ከሚለካው ብረት የተወሰነው ከአፈር የገባ ነው፤ እሱን ደግሞ ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም።

9. ለሕፃን ሲሆን ለየት ያድርጉት

ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት ወተት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ሲጀመር ትልቁ ችግር የምጥኑ መቅጠን ነው። ሕፃን ሆዱ ትንሽ ነው፤ እንደ ውኃ የቀጠነ አጥሚት ይሞላዋል እንጂ አያጠግበውም። ከማንኪያው ላይ ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይፈስ፣ ወፈር ያለ ይሁን። ለመዋጥ ካስቸገረው ውኃ ከመጨመር ጥቂት የገብስ ብቅል ዱቄት ሞቅ ባለው ገንፎ ላይ ነስንሰው ያማስሉ፤ ብቅሉ ስታርቹን ስለሚሰባብረው በደቂቃዎች ውስጥ ይቀጥናል፣ ኃይሉ ግን አይቀንስም። ከዚያ መልሰው ያፍሉት። ትንሽ ቅቤ ወይም ዘይት ኃይሉን ያሳድገዋል። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይስጡ፤ ጨውና ስኳርም አያስፈልገውም። ለአዋቂ የተሠራ ጣፋጭ ፍሌክስ ደግሞ የሕፃን ምግብ አይደለም።

10. ከመክፈልዎ በፊት

ቀኑን ይዩ። የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የአሜሪካው ወሩን ያስቀድማል፣ የአውሮፓው ቀኑን። ከዚያ አራቱን ጥያቄ ይጠይቁ፦ የመጀመሪያው ግብዓት ያልተፈተገ እህል ነው? በ100 ግራም አሰሩ 6 ግራምና ከዚያ በላይ ነው? ስኳሩ ከ10 ግራም በታች ነው? ጨው ከ1 ግራም በታች ነው? አራቱንም ያለፈ ካርቶን ይግዙት፤ እህሉ ሁለት ይሁን ሰባት ለውጥ የለውም። ከአራቱ ሁለቱን የወደቀውን ግን ወደ መደርደሪያው ይመልሱት፤ በዋጋው አጃና ሽምብራ ገዝተው ቤተሰቡን ሙሉ ቁርስ ያበሉበት።